128 ባይትና የተደበቀው ስም፦ የአታሪ የጨዋታ ኮንሶል የመጀመሪያ ዓመታት፣ 1977–1983

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ የአሜሪካው አታሪ ኩባንያ በ1977 ለገበያ ያቀረበውን የቤት ውስጥ የቪዲዮ ጨዋታ ኮንሶልና ለእርሱ የተዘጋጁትን ቀደምት ጨዋታዎች ይመረምራል። ጽሑፉ ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣል። አንደኛ፣ ጥቂት ቀላል ጨዋታዎችን ለማጫወት ብቻ የታሰበ መሣሪያ ከታሰበለት በላይ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው እንዴት ነው? ሁለተኛ፣ ገበያውን ይመራ የነበረው ኩባንያ በስድስት ዓመታት ውስጥ ለከባድ ኪሳራ የተዳረገው ለምንድን ነው? የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ የተያያዘ መሆኑን ጽሑፉ ለማሳየት ይሞክራል። የመሣሪያውን ዕድሜ ያራዘመው በፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ዘንድ የተከማቸው ዕውቀት ነበር። ኩባንያው ለዚህ ዕውቀት ባለቤቶች ስምም ድርሻም ስለ ነፈገ ዕውቀቱ ከኩባንያው ወጥቶ፣ ማንም ሊገባበት በሚችል ክፍት መሣሪያ ላይ፣ የተፎካካሪዎች ሀብት ሆነ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ የቪዲዮ ጨዋታ፣ ኮንሶል፣ ካርትሪጅ፣ የፕሮግራም ደራሲነት፣ የገበያ ውድቀት

1. መግቢያ

የአታሪ ኮንሶል ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከፍጻሜው ተነሥቶ ነው። በሴፕቴምበር 1983 ኩባንያው ያልተሸጡና ተመላሽ የሆኑ የጨዋታ ካርትሪጆችን በከባድ መኪና አስጭኖ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአላሞጎርዶ ከተማ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ አስቀበረ። ድርጊቱ በወቅቱ በጋዜጦች ቢዘገብም ከጊዜ በኋላ ብዙዎች እንደ አፈ ታሪክ ይቆጥሩት ነበር። በኤፕሪል 2014 ስፍራው ሲቆፈር ግን 1,300 ያህል ካርትሪጆች ወጡ፤ ወሬውም እውነት መሆኑ ተረጋገጠ።

ከዚህ ቀብር ጋር ተያይዞ የሚነገረው የተለመደ ማብራሪያ አጭር ነው። በ1982 መጨረሻ በጥድፊያ የተሠራው «ኢ.ቲ.» የተባለ ጨዋታ ደካማ ስለ ነበር ኩባንያውን፣ ብሎም የአሜሪካን የቪዲዮ ጨዋታ ገበያ በሙሉ ጣለ ይባላል። ይህ ማብራሪያ ለትረካ የሚመች ቢሆንም ለጥናት በቂ አይደለም። ከጉድጓዱ የወጡት ካርትሪጆች ራሳቸው ይህን ያስገነዝባሉ፤ በመካከላቸው «ኢ.ቲ.» ብቻ ሳይሆን «ሴንቲፒድ»ን የመሰሉ በዘመናቸው የተወደዱ ጨዋታዎችም ተገኝተዋልና። ተወዳጅ ጨዋታ ከደካማው ጋር አብሮ ከተቀበረ ምክንያቱ ከአንድ ጨዋታ ጥራት በላይ መፈለግ አለበት። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው፣ ማለትም ከመሣሪያው አሠራርና መሣሪያውን ከተማሩት ሰዎች ይነሣል።

2. ከኮንሶሉ በፊት የነበረው ሁኔታ

የመጀመሪያው የቤት ውስጥ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ በራልፍ ቤር ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ በ1972 የቀረበው የማግናቮክስ ኦዲሲ ነው። በዚያው ዓመት ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ አታሪን መሠረቱ፤ በሳንቲም የሚሠራውን «ፖንግ» የተባለ የጠረጴዛ ቴኒስ መሰል ጨዋታም አወጡ። በ1975 «ፖንግ» ለቤት እንዲሆን ተደርጎ ተሸጠ። እነዚህ ቀደምት መሣሪያዎች የጋራ ድክመት ነበራቸው፤ ጨዋታው የተሠራው በፕሮግራም ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ ዑደቱ ውስጥ ነበር። ገዢው በጨዋታው ሲሰለች መሣሪያውም አብሮ ያረጅበታል።

ከዚህ ድክመት ለመውጣት ሁለት ነገሮች ያስፈልጉ ነበር፤ ርካሽ ማይክሮፕሮሰሰርና ተነቃይ ማኅደረ ትውስታ። የመጀመሪያው በ1975 ተገኘ፤ ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለው ኩባንያ 6502 የተሰኘውን ማይክሮፕሮሰሰር በ25 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ ይህም በጊዜው ከነበሩት ተወዳዳሪዎቹ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር። ሁለተኛውን በተግባር ያዋለው የፌርቻይልድ ኩባንያ ነው። በ1976 የቀረበው «ቻናል ኤፍ» በጥቁር አሜሪካዊው መሐንዲስ በጄሪ ሎውሰን መሪነት የተሠራ ሲሆን፣ ፕሮግራም የያዘ ተለዋዋጭ ካርትሪጅን ለገበያ ያበቃ የመጀመሪያው ኮንሶል ነበር። በዚሁ ዓመት አታሪ በ28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለዋርነር ኮሚዩኒኬሽንስ ተሸጠ፤ ለአዲሱ ኮንሶል ምርት የሚያስፈልገውን ገንዘብም በዚህ መንገድ አገኘ።

3. የመሣሪያው አሠራር

«ቪዲዮ ኮምፒዩተር ሲስተም» የሚል ስያሜ የተሰጠውና ኋላ በ1982 «አታሪ 2600» የተባለው ኮንሶል በሴፕቴምበር 1977 በ199 ዶላር ለገበያ ቀረበ። አብረውት ዘጠኝ ካርትሪጆች ቀረቡ፤ ከእነርሱም ሁለት ተጫዋቾች በታንክ ወይም በአውሮፕላን የሚፋለሙበት «ኮምባት» ከኮንሶሉ ጋር በአንድ ካርቶን ይሸጥ ነበር።

ዋጋውን ለመቀነስ መሐንዲሶቹ የመረጡት መንገድ የመሣሪያውን ጠባይ ወሰነው። ማይክሮፕሮሰሰሩ 6507 የተባለው የ6502 ርካሽ ዓይነት ነበር። ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው 128 ባይት ብቻ ሲሆን፣ አንድ ካርትሪጅ ያለ ተጨማሪ ዘዴ ሊይዝ የሚችለው ከ4,096 ባይት አይበልጥም። መጠኑን ለማነጻጸር ያህል፣ በዛሬው የዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። በዚህ ስሌት የኮንሶሉ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ሊይዝ የሚችለው 42 ፊደላትን፣ ማለትም አንድ አጭር ዓረፍተ ነገርን ነው። አንድ ሙሉ ጨዋታም፣ ከነሥዕሉና ከነድምፁ፣ ከ1,365 ፊደላት ጽሑፍ በማይበልጥ ቦታ መስፈር ነበረበት።

ከማኅደረ ትውስታው ማነስ ይልቅ የሚከብደው የሥዕል አሳሳሉ ነበር። በኋለኞቹ ኮምፒዩተሮች በማያው ላይ የሚታየው ሥዕል አስቀድሞ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። በአታሪ ኮንሶል ውስጥ ግን ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም። የዘመኑ ቴሌቪዥን ሥዕሉን የሚሠራው የኤሌክትሮን ጨረር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እየጠረገ ነው። ፕሮግራሙም ጨረሩን እየተከታተለ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚያሳይ በዚያችው ቅጽበት ለሥዕል ማውጫው ክፍል መንገር ነበረበት። ለአንድ መስመር የሚሰጠው ጊዜ 76 የማሽን ዑደት ነው። አንድ ትእዛዝ ቢያንስ ሁለት ዑደት ስለሚወስድ ለአንድ መስመር የሚበቁት ትእዛዞች ቢበዛ 38 ናቸው። ፕሮግራም ጸሐፊው በአንድ ዑደት ቢሳሳት ሥዕሉ ይዛባል።

«ቲያ» የሚባለው ሥዕል ማውጫ ክፍል አምስት ተንቀሳቃሽ ነገሮችን ብቻ ያውቅ ነበር፤ ሁለት ተጫዋች፣ ሁለት ተወርዋሪና አንድ ኳስ። ምርጫው ዓላማውን በግልጽ ያሳያል፤ ሁለት ታንኮች ከነጥይታቸው፣ ወይም ሁለት የቴኒስ መምቻዎች ከነኳሳቸው እንዲታዩ ነው። መሣሪያው የተነደፈው በአጭሩ ለ«ፖንግ»ና ለ«ታንክ» ዓይነት ጨዋታዎች ነበር።

4. ከታሰበው በላይ፦ ሦስት ማሳያዎች

ይሁን እንጂ መሐንዲሶቹ ወጪ ለመቀነስ ብለው ለመሣሪያው የነፈጉት ነገር ለፕሮግራም ጸሐፊው ነጻነት ሆነለት። ሥዕሉን አስቀድሞ የሚወስን ነገር በመሣሪያው ውስጥ ስለሌለ፣ በየመስመሩ ምን እንደሚታይ የሚወስነው ፕሮግራሙ ነበር። የሚከተሉት ሦስት ጨዋታዎች ይህን ያሳያሉ።

የመጀመሪያው በ1979 የወጣው የቦብ ኋይትሄድ «ቪዲዮ ቼዝ» ነው። በቼዝ ሰሌዳ አንድ ረድፍ ላይ ስምንት ጠጠሮች ሊቆሙ ይችላሉ። ሥዕል ማውጫው ግን ሁለቱን የተጫዋች ሥዕሎች ሦስት ሦስት ጊዜ ደግሞ በአንድ መስመር ስድስት ብቻ ማሳየት ይችላል። ኋይትሄድ ለችግሩ ያገኙት መፍትሔ ጠጠሮቹን ማፈራረቅ ነበር፤ በአንዱ መስመር ግማሾቹን፣ በሚቀጥለው መስመር የቀሩትን ያሳያሉ። ተመልካቹ በመጋረጃ ቀዳዳ የሚያይ ያህል መስመር መስመር ያለው ምስል ቢያይም ስምንቱንም ጠጠሮች ለይቶ ያውቃቸዋል።

ሁለተኛው በ1980 የወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ነው። ጨዋታው በመጀመሪያ በጃፓን በ1978 በታይቶ ኩባንያ በቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተሠራ በሳንቲም የሚጫወቱበት ማሽን ነበር። በዋናው ማሽን ላይ 55 ወራሪዎች በአምስት ረድፍ ይወርዳሉ። ሪክ ማውረር ለአታሪ ኮንሶል ሲያዘጋጁት ስድስት በስድስት፣ በድምሩ 36 ወራሪዎችን አሰለፉ። ስድስት የሚለው ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ከላይ የተጠቀሰው የመሣሪያው ወሰን ነው። ማውረር ከወሰኑ ጋር ከመታገል ይልቅ ጨዋታውን በወሰኑ ልክ መልሰው ሰፉት። ውጤቱም ለገበያው መለወጫ ነጥብ ሆነ፤ ብዙ ሰዎች ኮንሶሉን የገዙት ይህን አንድ ጨዋታ በቤታቸው ለመጫወት ሲሉ ነበርና።

ሦስተኛው በ1982 በዴቪድ ክሬን የተዘጋጀው «ፒትፎል» ነው። ተጫዋቹ በ20 ደቂቃ ውስጥ 32 ሀብቶችን ለመሰብሰብ በ255 የጫካ ትዕይንቶች ውስጥ ይሮጣል። 255 ትዕይንቶችን አንድ በአንድ መዝግቦ ለማስቀመጥ ካርትሪጁ አይበቃም። ክሬን ትዕይንቶቹን ከመመዝገብ ይልቅ የሚያወጣቸውን ሕግ ጻፉ። አንድ የስምንት ቢት ቁጥር በተወሰነ ሥርዓት ወደ ጎን እየተገፋ ዜሮ ካልሆኑት 255 ዋጋዎች በእያንዳንዱ አንዳንድ ጊዜ ያልፋል፤ የቁጥሩ ቢቶችም በትዕይንቱ ጉድጓድ፣ አዞ ወይም ሀብት መኖሩን ይወስናሉ። ሥርዓቱ ወደ ኋላም ስለሚሠራ ተጫዋቹ ሲመለስ ቀድሞ ያለፈበትን ትዕይንት በቦታው ያገኘዋል። በተመሳሳይ መንገድ ካሮል ሾው በዚያው ዓመት «ሪቨር ሬይድ» በተባለው ጨዋታቸው ረጅሙን ወንዝ በቀመር አመንጭተውታል።

ከእነዚህ ማሳያዎች የምንረዳው መሣሪያው በ1977ም በ1982ም ያው እንደ ነበር ነው። በአምስቱ ዓመታት ውስጥ በዋናነት የተለወጠው መሣሪያውን የሚያውቁት ሰዎች ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ ዳብሮ የተገኘው በጥቂት ሰዎች ልምምድ ነበር።

5. ስም የሌላቸው ደራሲዎች

በዚያ ዘመን አንድ የአታሪ ጨዋታ ባብዛኛው የአንድ ሰው ሥራ ነበር። ሐሳቡን የሚያፈልቀው፣ ፕሮግራሙን የሚጽፈው፣ ሥዕሉንና ድምፁን የሚያዘጋጀው አንድ ሰው ነው። በካርቶኑ ላይ የሚታየው ስም ግን የኩባንያው ብቻ ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊው የሚከፈለው መደበኛ ደመወዝ ሲሆን ከሽያጩ ድርሻ አልነበረውም።

ይህን ሁኔታ ዋረን ሮቢኔት በራሳቸው መንገድ ተቃወሙት። «አድቬንቸር» የተባለው ጨዋታቸው ተጫዋቹ ከአንድ ማያ ወደ ሌላ እየተሻገረ ቤተ መንግሥቶችን የሚያስስበት በዓይነቱ አዲስ ሥራ ነበር። ሮቢኔት አንዲት ነጥብ የምታክል፣ ከጀርባዋ ቀለም የማትለይ ዕቃ በጨዋታው ውስጥ ሸሸጉ። ያቺን ዕቃ አግኝቶ ወደ ትክክለኛው ስፍራ የወሰደ ተጫዋች ወደ ምስጢራዊ ክፍል ይገባል፤ በክፍሉ ውስጥም ጨዋታውን የፈጠሩት ዋረን ሮቢኔት መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ ያገኛል። ደራሲው ይህን ለማንም ሳይናገሩ ኩባንያውን ለቀቁ። ምስጢሩን ለኩባንያው በደብዳቤ ያሳወቀው ጨዋታው ከወጣ በኋላ በዩታ ግዛት የሚኖር አንድ ታዳጊ ነበር። ኩባንያው ካርትሪጁን እንደገና ማሠራት ውድ ስለ ሆነበት ክፍሉን እንዳለ ተወው። ዛሬ በጨዋታዎች ውስጥ የሚሸሸጉ መልእክቶች «የፋሲካ ዕንቁላል» የሚባሉት ከዚህ ወዲህ ነው። ሮቢኔት ስማቸውን ለማኖር የከፈሉት ዋጋ መታወስ አለበት፤ 4,096 ባይት ብቻ በሚይዝ ካርትሪጅ ውስጥ የተሰወረ ክፍል ለጨዋታው ሊውል የሚችል ቦታ ይወስዳል።

አራት ባልደረቦቻቸው ደግሞ ሌላ መንገድ መረጡ። ዴቪድ ክሬን በኋላ እንደ ተናገሩት፣ ኩባንያው የየካርትሪጁን ሽያጭ የሚያሳይ ዝርዝር ለሠራተኞቹ ሲያድል እርሳቸው፣ ቦብ ኋይትሄድ፣ አለን ሚለርና ላሪ ካፕላን ከጠቅላላው ሽያጭ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ያስገኙት የእነርሱ ሥራዎች መሆናቸውን አሰሉ። ስማቸው እንዲጠቀስና ድርሻ እንዲሰጣቸው ያቀረቡት ጥያቄም ተቀባይነት አላገኘም። በ1979 ጂም ሌቪ ከተባሉ ሥራ አስኪያጅ ጋር አክቲቪዥን የተመሠረተው ከዚህ በኋላ ነው፤ የአራቱም የሥራ ቦታ ይኸው ኩባንያ ሆነ። አክቲቪዥን በመጻሕፍት ላይ እንደሚደረገው የደራሲውን ስም ከጨዋታው ጋር አሳተመ።

እዚህ ላይ የመሣሪያው አሠራርና የሰዎቹ ታሪክ ይገናኛሉ። ኮንሶሉ ካርትሪጁን ማን እንደ ሠራው የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም፤ በትክክል የተጻፈን ፕሮግራም ሁሉ ይቀበላል። ስለዚህ መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ከኩባንያው ሲወጣ የኩባንያውን ገበያ ይዞ ይወጣል። አታሪ በ1980 አክቲቪዥንን ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ1982 አክቲቪዥን ክፍያ እየከፈለ ጨዋታ መሥራቱን እንዲቀጥል በሚፈቅድ ስምምነት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በሩ ለሌሎችም ተከፈተ።

6. ከብልጽግና ወደ ውድቀት

በተከፈተው በር የገቡት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በ1981 የተመሠረተው ኢማጂክ፣ ከአታሪ የወጡ ባለሙያዎች የነበሩበት ነው። ሌሎቹ ግን በሙያው ያልነበሩ ኩባንያዎች ሲሆኑ የገበያው ትርፍ ስቧቸው የመጡ ናቸው። በአጃ ምግብ ምርቱ የሚታወቀው ኩዌከር ኦትስ እንኳ የጨዋታ ክፍል ነበረው። ጨዋታው በዛ፤ የመደብር መደርደሪያ ግን አልሰፋም።

አታሪ ራሱ በዚህ ወቅት ከሥራው ጥራት ይልቅ በታወቁ ስሞች ላይ ተማመነ። በ1982 የወጣው «ፓክ-ማን» በቶድ ፍራይ የተዘጋጀና በ4,096 ባይት የታጨቀ ሲሆን፣ አራቱ መናፍስት ተራ በተራ ስለሚሳሉ ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር። ሰባት ሚሊዮን ገደማ ቢሸጥም ብዙ ገዢዎች ከዋናው ማሽን ጋር እያነጻጸሩ ቅር ተሰኙበት። «ኢ.ቲ.» ደግሞ ለገና በዓል እንዲደርስ ተብሎ ለሃዋርድ ስኮት ዋርሾ የተሰጠው በአምስት ሳምንት ገደማ እንዲጠናቀቅ ነው። ዋርሾ ቀደም ብለው «ያርስ ሪቬንጅ»ን የሠሩ፣ ችሎታቸው የተመሰከረላቸው ደራሲ ናቸው። ስለዚህ የ«ኢ.ቲ.» ድክመት የደራሲው አለማወቅ ውጤት ሊባል አይችልም፤ የባለሙያ ዕውቀት ጊዜ እንደሚሻ ያልተረዳ አስተዳደር ውሳኔ ነው።

ዲሴምበር 7፣ 1982 ዋርነር ገቢው ከተጠበቀው በእጅጉ እንደሚያንስ አስታወቀ፤ በማግሥቱም የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ወደቀ። በ1983 የአታሪ ኪሳራ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ገንዘብ ያጠራቸው ትናንሽ ኩባንያዎች ሲዘጉ ካርትሪጆቻቸው በጥቂት ዶላር ተቸረቸሩ፤ በሙሉ ዋጋ የቀረበው ደህና ጨዋታም ገዢ አጣ። በአላሞጎርዶ የተወደዱት ጨዋታዎች ከደካማው ጋር አብረው የተቀበሩት በዚህ ምክንያት ነው።

7. የሙግቱ ወሰን

ከላይ የቀረበው ሙግት ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጉታል። አንደኛ፣ ለውድቀቱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ። በ1982 የወጣውን ኮሞዶር 64 የመሰሉ የቤት ኮምፒዩተሮች ዋጋቸው እየወረደ ሲሄድ ቤተሰቦች ከኮንሶል ይልቅ ኮምፒዩተር መግዛትን መረጡ። ሁለተኛ፣ አታሪ ከአክቲቪዥን መመሥረት በኋላ ለጨዋታ አዘጋጆቹ የማበረታቻ ክፍያ መስጠት ጀምሯል፤ ነገር ግን ይህ የሆነው ዕውቀቱ ከወጣ በኋላ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብድ ነው። በ1985 ገበያውን በአሜሪካ እንደገና ያስነሣው ኒንቴንዶ ነበር፤ በእርሱ ኮንሶል ላይ የሠሩ አንዳንድ የጃፓን ኩባንያዎችም የሠራተኞቻቸውን ትክክለኛ ስም በቅጽል ስም ሸፍነዋል። ይሁን እንጂ አልወደቁም። ልዩነቱ የኒንቴንዶ ኮንሶል ያልተፈቀደ ካርትሪጅን የሚከለክል ቺፕ ስለ ነበረው ነው፤ ባለሙያው ቢወጣ እንኳ ያለ ፈቃድ ወደ ገበያው አይመለስም። ስለዚህ ስምን መንፈግ ብቻውን ኩባንያን አይጥልም። አታሪን የጎዳው የሁለቱ መደራረብ ነው፤ መሣሪያው ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ የዕውቀቱ ባለቤቶች በቤቱ የሚቆዩበት ምክንያት አልተሰጣቸውም።

8. ማጠቃለያ

የአታሪ ኮንሶል እስከ 1992 መጀመሪያ ድረስ በይፋ ሳይቋረጥ ቆይቷል፤ በጠቅላላው ወደ 30 ሚሊዮን ያህል ተሽጧል። ይህን ዕድሜ ያገኘው ከ128 ባይቱ ሳይሆን በ128 ባይት ምን ሊሠራ እንደሚችል ካወቁት ሰዎች ነው። ኩባንያው ካርትሪጁን ንብረቱ አድርጎ ሲቆጥር ካርትሪጁን የሚያስገኘውን ዕውቀት ግን አልቆጠረውም።

ኒንቴንዶ ለችግሩ የሰጠው መልስ በሩን መዝጋት ነበር፤ የአክቲቪዥን መልስ ደግሞ ደራሲውን በስሙ መጥራት ነበር። ዛሬ የሶፍትዌር ገበያዎች በእነዚህ ሁለት መልሶች መካከል ይገኛሉ። ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ግን ከሁለቱ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ በአንድ ሥርዓት ውስጥ የማይታየው፣ በሰነድ ያልሰፈረውና በሰዎች ዘንድ ብቻ የሚኖረው ዕውቀት የቱ ነው? ሮቢኔት ስማቸውን በነጥብ ውስጥ ለመሸሸግ የተገደዱት ይህን ጥያቄ የጠየቀ አለቃ ስላልነበራቸው ነው።